የአሜሪካ ሰባክያንና የቤተ መንግሥት ደጅ

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሕገ መንግሥት፥ ኮንግሬሱ የመንግሥት ሃይማኖት የሚያቋቁም ሕግ እንዳያወጣ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ሕግ ቤተ ክርስቲያንን ከመንግሥት ቢለይም፥ ሰባኪን ከሹም ሊለይ አለመቻሉን ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ ያለው ታሪክ ያስረዳል።

በዚህ ረገድ አስቀድሞ የሚነሣው የቢሊ ግራሃም ስም ነው። ይህ የባፕቲስት ሰባኪ በ1949 ዓ.ም. እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር (የሚከተሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በሎስ አንጀለስ ድንኳን ተክሎ ለሦስት ሳምንት ሊሰብክ ቢጀምር፥ ሕዝቡ ስለ በዛ ስምንት ሳምንት ቈየ። ጋዜጦችም ዝናውን ባገሩ ሁሉ አሠራጩለት። በማግሥቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ትሩማንን ካነጋገረ በኋላ የተባባሉትን ለጋዜጠኞች በመግለጡ፥ በግቢውም ሣር ላይ ተንበርክኮ ፎቶግራፍ በመነሣቱ ፕሬዚዳንቱን አስቀየመ። ከዚያ ወዲህ ግን ምሥጢር መጠበቅን ስለ ተማረ፥ ተከታዮቹ ፕሬዚዳንቶች ደጃቸውን ከፈቱለት። ዝናው ባሕር ተሻግሮም በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ሰበከ፤ በ1966 ዓ.ም. በበርሊን የተሰበሰበውን የወንጌል ጉባኤም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ንግግር አደረጉበት።

ነገር ግን የሹም ወዳጅነት ዋጋ አለው። ወዳጁ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1974 ዓ.ም. በውርደት ሥልጣኑን ሲለቅ ግራሃም እጅግ አዘነ፤ በስተርጅናውም ከፖለቲካ ርቆ ቢሆን ይሻለው እንደ ነበር ተናገረ።

ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን በዚህ አልተገቱም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1962 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚመራውን ጸሎት በመከልከሉ፥ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ ፅንስ ማስወረድን በመፍቀዱ ብዙዎች ተቈጥተው ነበር። ስለዚህ የቨርጂኒያው ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል በ1979 ዓ.ም. «የሥነ ምግባር አብላጫ» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ ምእመናንን ለምርጫ እያስመዘገበ፥ ደብዳቤ እየበተነ በ1980 ዓ.ም. ሬገንን ረዳ። ፓት ሮበርትሰን የተባለው የቴሌቪዥን ሰባኪ ደግሞ በ1988 ዓ.ም. ራሱ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ የፓርቲውን እጩነት ግን አላገኘም። በ2016 ዓ.ም. ከነጮቹ ወንጌላውያን መራጮች ከአምስቱ አራቱ ያህል ለትራምፕ ድምፅ ሰጡ፤ እርሱ የሾማቸው ሦስት ዳኞች ያሉበት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2022 ዓ.ም. የ1973ቱን ፍርድ ሻረ።

ደጋፊዎቻቸው ይህን የትዕግሥት ፍሬ ይሉታል። ክርስቲያን እንደ ማንኛውም ዜጋ በአገሩ ጉዳይ የመምከር መብት እንዳለውም አይካድም። ሆኖም ከዚያው ከወንጌላውያን መካከል፥ ሰባኪው የአንድ ወገን ሎሌ እንዳይሆን የሚሠጉ አሉ። ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት አደባባይ የገባው ንጉሡን ለመገሠጽ ነበር። የሰባኪም ክብር የሚመዘነው በቤተ መንግሥት ደጅ በመግባቱ ሳይሆን፥ ከገባ በኋላ እውነቱን ለመናገር በመድፈሩ ነው።