ኮምፕሬሰሩ የጋለው የት ላይ ነው?

ለቤቱ ወርክሾፕ አነስተኛ ኮምፕሬሰር የገዛ አናጺ ወይም ቀለም ቀቢ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው ሙቀቱ ነው። ቁም ሣጥን ቫርኒሽ ሲረጭ አርፍዶ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ቢነካ እጁን ያቃጥለዋል። ያኔ ወይ ለጠጋኝ ይሰጠዋል፣ ወይ መፍቻ አንስቶ ራሱ ይፈታዋል። ጤነኛ ኮምፕሬሰርም እንደሚግል ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፒስተኑ ያመቀው አየር በሙቀቱ ብቻ ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በባሕር ጠለል ላይ ጌጁ 8 ባር እስኪያሳይ ቢታመቅና ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ፣ 275 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። በተግባር የሲሊንደሩ ግድግዳና ክንፎቹ ሙቀቱን ስለሚካፈሉት ይህን ያህል አይሆንም። ቢሆንም ከቴስታታው ወደ ታንኩ የሚወርደው ቱቦ ቆዳ ለመላጥ የሚበቃ ሙቀት ይይዛል።

ደጋ ላይ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። ጌጁ 8 ባር እንዲያሳይ ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየሩ ግፊት 9 እጥፍ ማደግ ካለበት፣ አዲስ አበባ ላይ ከ11 እጥፍ በላይ ማደግ አለበት። ከላይ የጠቀስነው ስሌት እዚህ ከ310 ዲግሪ በላይ ይሰጣል። ማሽኑን የሚያበርደው አየርም የሳሳ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሮችም አቅማቸው የሚጻፍላቸው በአብዛኛው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ለሚሠሩበት ሁኔታ ነው። ሻጭና ገዢ ስለ ዋጋና ስለ ሊትር ሲነጋገሩ ይህ ጉዳይ አይነሳም፤ መነሳት ግን አለበት። ደጋ ላይ የሚሠራ ባለሙያ አውቶማቲኩ ሞተሩን የሚያጠፋበትን ግፊት ከ8 ወደ 6 ባር ቢያወርደው ብዙ ሙቀት ይቀንሳል። አብዛኛው የቀለም መርጫ የሚፈልገው 2 ወይም 3 ባር ስለሆነ በሥራው ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የጋለው የት ላይ ነው የሚለው ነው፤ ቴስታታው ነው ወይስ ሞተሩ? ሁለቱ የተለያየ ችግር ያመለክታሉ።

ቴስታታው ከልክ በላይ ከጋለ፣ ከመፍታት በፊት ማሽኑ ስንት ደቂቃ ሳያርፍ እንደሚሠራ ይታይ። ብዙዎቹ የቤት ኮምፕሬሰሮች ከሥራ ጊዜያቸው ግማሹን እንዲያርፉ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ 5 ደቂቃ ሠርተው 5 ደቂቃ ይበርዳሉ። የቀለም መርጫው በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ አየር እየጠጣ ፓምፑ 120 ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ዕረፍት የለም። በማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፒስተኑ የሚጠርገውን መጠን እንጂ ታንኩ ውስጥ የሚገባውን አየር አይናገርም፤ የሚገባው ከዚያ በጣም ያንሳል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ አልታመመም፤ የተሰጠው ሥራ ከአቅሙ በላይ ነው።

የሚያፈስ ቱቦም ዕረፍቱን ይሰርቀዋል። ታንኩን ሞልቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ማታ የጌጁን ቁጥር ጽፎ ጠዋት ማየት ነው። ከወረደ፣ በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ሲቀባ ቀዳዳው ራሱን ያሳያል።

ቀጥሎ ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ መውጫውን ዘግቶ፣ እስኪሞላ ያለውን ጊዜ መለካት ነው። 50 ሊትር ታንክ 8 ባር ለመሙላት በባሕር ጠለል 400 ሊትር የውጭ አየር ይበቃዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 520 ገደማ ይፈልጋል። በደቂቃ 100 ሊትር የሚሰጥ ፓምፕ በባሕር ዳርቻ 4 ደቂቃ የሚፈጅበት ሥራ እዚህ ከ5 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል፤ ይህን ያህል መዘግየት በሽታ አይደለም። የአምራቹን ሠንጠረዥ ብቻ አይቶ የፒስተን ፋሻ የሚያስለውጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ማሽኑ አዲስ ሳለ የሞላበትን ጊዜ ታንኩ ላይ በማርከር መጻፍ ከየትኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

ጊዜው ከዚያ በጣም ከረዘመ ዋናው ተጠርጣሪ ቫልቩ ነው። በቴስታታው ውስጥ እንደ ምላስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። የመውጫው ቅጠል በደንብ ካልተዘጋ፣ ታምቆ የጋለው አየር ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ፒስተኑ ያንኑ ትኩስ አየር እንደገና ያምቀዋል፤ በጋለው ላይ ሌላ ግለት ይደመራል። ሙቀቱ ዘይቱን ያቃጥለዋል፣ የተቃጠለው ዘይት ጥቁር ጥላሸት ሆኖ ቅጠሉ ላይ ይጋገራል፣ ቅጠሉ ከበፊቱ የባሰ አይዘጋም። ከትንሽ ቀዳዳ የጀመረው ነገር ፓምፑን የሚገድለው እንዲህ ነው። የመግቢያው ቅጠል ሲበላሽ ደግሞ ለመለየት ይቀላል፦ የአየር ማጣሪያውን ነቅሎ ማሽኑ እየሠራ መዳፍን ከመግቢያው ፊት መያዝ ነው። አየር ወደ ውስጥ ከመሳብ ይልቅ እየተተፋ መዳፍ ላይ ከመጣ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ዘይቱም እዚህ ላይ ይነሳል። ለኮምፕሬሰር የሚሠራው ዘይት ማጽጃ ኬሚካል ያልተቀላቀለበት ነው፤ ከመኪና የተረፈ ዘይት ማፍሰስ ጥላሸቱን ያበዛዋል። ያለ ዘይት የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ምንም አይጨመርበትም።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ፣ ማሽኑን ከግድግዳ ማራቅና ክንፎቹ መሃል የተጋገረውን የእንጨት ብናኝና ቀለም ማጽዳት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይስተዋል ይቀራል። በቺንጋ የሚሠሩ ኮምፕሬሰሮች ትልቁ ፑሊ የማራገቢያ ቅርጽ ያለው ሲሆን አየሩን ወደ ሲሊንደሩ ይነፋል። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ሲገጠም ሁለት ገመዶች ከተዛወሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ፒስተኑ በሁለቱም አቅጣጫ አየር ስለሚያምቅ ታንኩ ይሞላል፤ ማንም ችግር አለ አይልም፤ ነፋሱ ግን ከሲሊንደሩ ወደ ውጭ ይሸሻል። ፑሊው ወይም መከለያው ላይ ያለውን ቀስት ማየት ይበቃል።

የጋለው ሞተሩ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ መብራቱ ይዞራል። 220 ቮልት የሚፈልግ ሞተር 190 ብቻ ሲደርሰው የማዞር ጉልበቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ጉድለቱን ለመሙላት ብዙ ከረንት ይስብና ይግላል። ስለዚህ ቮልቴጁ የሚለካው ሞተሩ በጭነት እየሠራ ሳለ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ነው። ኮምፕሬሰሩን ሶኬቱ አጠገብ አቁሞ የአየር ቱቦውን ማስረዘም ይሻላል።

ሞተሩ ለመነሳት እያጓራ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ ሲጠፋ የሚያሰማውን ድምፅ ማዳመጥ ነው። ሞተሩ ሲቆም አውቶማቲኩ አጭር «ጽስ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት ያስወጣል። ድምፁ ከሌለ ፒስተኑ በሚቀጥለው ጊዜ የሚነሳው ግፊት ተሸክሞ ነው። ድምፁ ካላቋረጠ ታንኩ አፍ ላይ ያለው ቼክ ቫልቭ አልዘጋም።

ከመጠን በላይ ሲግል ሞተሩን የሚያቋርጠው ትንሽ ቁልፍ በተደጋጋሚ የሚዘል ከሆነ ማሽኑ እርዳታ እየጠየቀ ነው፤ ቁልፉን በቴፕ አስሮ ወይም በሽቦ አቋርጦ ሥራ መቀጠል ሞተሩን ከማቃጠል አልፎ ቤት ሊያቃጥል ይችላል። በአንዳንዶቹ ላይ ሲበርድ ራሱ ስለሚመለስ፣ ማንኛውም ክፍል ከመነካቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፣ ታንኩም ባዶ ይሁን። በዚያው ከታንኩ ሥር ያለው ማስወጫ ተከፍቶ ውሃው ይውጣ። የተጠራቀመ ውሃ የአየሩን ቦታ ስለሚይዝ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ ያስነሳዋል፤ ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ብረቱን ከውስጥ መብላቱ ነው። በዝገት የሳሳ ታንክ ሲፈነዳ አጠገቡ ያለውን ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ከሥሩ ላብ የመሰለ እርጥበት ያሳየ ታንክ ለበያጅ ሳይሰጥ ይለወጥ።