ከሞቃት ባሕር ተሰደው ስለሚመጡ ዓሣዎችና በቤት ስለ ማኖራቸው

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ፥ ከኒው ጀርሲ እስከ ሎንግ አይላንድና እስከ ሮድ አይላንድ ባለው ዳርቻ፥ የብርዱ ወራት እጅግ ብርቱ ነው። ይሁን እንጂ በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የሞቃት ባሕር ተወላጅ የሆኑ ያማሩ ትናንሽ ዓሣዎች በዚያ ይታያሉ። የዚህን ነገር ምክንያት፥ የዓሣዎቹን አያያዝና ለአገራችን የሚሰጠውን ትምህርት በአጭሩ እንገልጻለን።

ምክንያቱ ገልፍ ስትሪም የተባለው ሞቃት የባሕር ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ በፍሎሪዳ አጠገብ አልፎ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ወደ ሰሜን ይወርዳል፤ በሚፈጥንበትም ስፍራ በሰዓት እስከ 9 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በደቡብ የሚፈለፈሉት ጥቃቅን የዓሣ ጫጩቶች ኃይሉን መቋቋም ስለማይችሉ ይወስዳቸዋል፤ ከዋናው ፈሳሽ እየተገነጠለ ወደ ዳር የሚዞረውም ውሃ ወደ ወሽመጦቹ ያገባቸዋል። በዚያ ጥቂት ያድጋሉ፤ ነገር ግን ወደ ተወለዱበት የሚመለሱበት መንገድ የላቸውምና ውሃው በቀዘቀዘ ጊዜ ያልቃሉ። ስለዚህ ጥቂቶቹን ለቅሞ በቤት ማኖር ዘራቸውን አያጐድልም።

ለቃሚዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ በሣሩና በድንጋዩ መካከል ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ይጐትታሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቢራቢሮ ዓሣ የተባለው ነው። ዓሣውን እጅ ሳይነካው ከነውሃው ቀድተው፥ ሳያጨናንቁ፥ በጥላ ያጓጕዙታል። የመስተዋቱ ገንዳ አስቀድሞ በጨው ውሃ ተሞልቶ ብዙ ሳምንት መቈየት አለበት፤ የዓሣን እድፍ የሚያጠፉት በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን እስኪራቡ ድረስ ውሃው ለዓሣ መርዝ ነውና። ሙቀቱም በ25 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል።

ነገር ግን ከዚህ ሥራ ጋራ የተያያዘ ብርቱ ጥፋት አለ። የአንበሳ ዓሣ የተባለው፥ መርዘኛ እሾህ ያለው፥ የሕንድና የፓሲፊክ ውቅያኖስ ተወላጅ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ ሊቃውንትም ከቤት ገንዳ የተለቀቀ መኾኑን ያምናሉ። በዚያ ባሕር የሚያድነው ጠላት ስላልበዛበት እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ተስፋፋ፤ የአገሩን ትናንሽ ዓሣዎችም ይፈጃል። ፈሳሹ ጫጩቱን እስከ ሎንግ አይላንድ ያደርሰዋል። ስደተኛውን ዓሣ ብርዱ ይገድለዋል፤ ሰው የለቀቀውን ግን፥ አየሩ ከተስማማው፥ የሚመልሰው የለም።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይምሰል። ከደቡብ አሜሪካ የወጣው እምቦጭ በዓለም የተዘራው ለአበባው ውበት ሲባል ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ የዓሣ አጥማጁን መንገድና የከብቱን መጠጫ ዘግቶ ስንት ጕልበት እንዳስፈሰሰ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ ሐይቅና ወንዝ ባለበት ግዛት የተሾማችሁ አስተዳዳሪዎችና በውሃ ዳር መሬት የያዛችሁ ሁሉ፥ በመስተዋት ያደገ ዓሣ ወይም ሣር ወደ ውሃ እንዳይጣል ሕዝቡን ምከሩ፤ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ዓሣ ማዛወር የሚፈልግም አስቀድሞ ባለ ሙያ ይጠይቅ። አጥማጆችም ያላወቁትን ዓሣ ባገኙ ጊዜ በቶሎ እንዲያመለክቱ አስታውቋቸው፤ እንግዳው ገና ጥቂት ሳለ ማስወገዱ ቀላል ነውና።