ስለ ቡና ችግኝ አመጋገብና አጠባበቅ፤ ለጀማሪ ተካዮች የሚሆን መግለጫ

የደቡብ ቆላ ከተሞች ንግድ፣ ማለት የነገሌ ቦረና፣ የያቤሎ፣ የሜጋ፣ የሞያሌና የዶሎ ገበያ፣ ከጥንት ጀምሮ የቆመው በቀንድ ከብት፣ በግመል፣ በፍየልና በበግ፣ እንዲሁም በቆዳ፣ በጨው፣ በዕጣንና በሙጫ ላይ ነው። ከዚህ ሀብት የሚበዛው ዝናብን ተከትሎ የሚኖር ስለሆነ፣ ዝናብ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ በከሸፉ ጊዜ በቦረናና በአካባቢው እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ከብት ሲያልቅ ደግሞ ጉዳቱ በአርቢው ብቻ አይቆምም፤ ስኳርና ጨርቅ በዱቤ የሰጠው ባለሱቅ፣ ቀብድ ከፍሎ ከብት የሚጠብቀው ነጋዴም አብረው ይጎዳሉ።

ስለዚህ ከቆላው ነጋድያን አንዱ ገንዘቡን ከፍሎ በደጋማው በኩል፣ በአዶላ፣ በሻኪሶ፣ በኡራጋ ወይም በሐምበላ የቡና ተክል ለማልማት ቢያስብ የሚነቀፍ አይደለም። ቀድሞ በሲዳሞ ስም ይሸጥ የነበረው የዚያ አገር ቡና ዛሬ ጉጂ በተባለ በራሱ ስም በውጭ ገበያ ይታወቃል። ነገር ግን ከብት የለመደ እጅ ቡና ሲይዝ በቀላሉ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የችግኙ ዘመን ነው።

የተበላሸ ስኳር ጆንያው በተፈታበት ቀን ይታወቃል። የተበላሸ የቡና ችግኝ ግን የሚታወቀው ብዙ ገንዘብ ከወጣበት በኋላ ነው። በየሁለት ሜትሩ በረድፍ የተተከለ ቡና በአንድ ሄክታር 2,500 እግር ይሆናል፤ ፍሬ መስጠት የሚጀምረውም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ነው። ዋና ሥሩ በችግኝነቱ የታጠፈ ተክል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደኅና መስሎ ይቆይና፣ ፍሬ ሊይዝ ሲል በአንድ የድርቅ ወቅት ይጠወልጋል። በዚያን ጊዜ የጠፋው የችግኙ ዋጋ ሳይሆን የአራት ዓመት ጉልበትና ገንዘብ ነው።

ስለ ቦታው

የነገሌ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ያለ፣ ዝናቡም ጥቂት የሆነ አገር ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ ቡና ያለ መስኖ አይበረታም። ስለዚህ የችግኝ መደቡ መዘጋጀት የሚገባው በነጋዴው ግቢ ሳይሆን፣ ተክሉ በሚተከልበት በደጋማው መሬት አጠገብ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ንጹሕ ውኃ ባለበት ነው። በቆላ የበቀለ ለጋ ችግኝ በካሚዮን ተጭኖ በፀሐይ ሲንገላታ አፈሩ ይረገፍና ሥሩ ይደርቃል።

ውኃውን አስቀድሞ መቅመስም ያስፈልጋል። በቆላው አንዳንድ ጕድጓድ ውኃው ጨዋማ ነው፤ ከብት ቢወደውም የቡና ቅጠል ግን ጠርዙ እየተቃጠለ ይቡናማል።

ስለ ዘርና ስለ አፈር

ለዘር የሚሆነው ከጤናማና ደጋግሞ ከሚያፈራ ዛፍ የተለቀመ፣ ደኅና የቀላ እሸት ፍሬ ነው። ሥጋው ከተፈለፈለና ከታጠበ በኋላ በጥላ ሥር ይደርቃል እንጂ በፀሐይ አይሰጣም። ፍሬውን የሸፈነው ቀጭኑ ነጭ ቅርፊት እንዳለ ይቆያል። የቡና ዘር ሕይወቱ አጭር ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ መዘራት አለበት፤ ለገበያ ደርቆ በመጋዘን የከረመ ቡና ግን ለዘር የሚታመን አይደለም።

ስለ ዝርያውም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ከታወቀ ወዲህ የጅማ ምርምር ማእከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጦ አውጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ እንደ 74110 ያሉት ከምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና የተመረጡ ናቸው። ለደቡቡ ቡና ደግሞ በይርጋ ዓለም በኩል ያለው የአዋዳ ንዑስ ማእከል አንገፋ፣ ፈያቴ፣ ኮቲና ኦዲቻ የተባሉትን ከአካባቢው ዘር የተገኙ ዝርያዎች ይዟል። ቡናውን በጉጂ ስም ለመሸጥ የሚያስብ ሰው የአገሩን ጣዕም የሚጠብቅ ዘር ቢመርጥ ይጠቀማል።

ለችግኝ ማፍያ የሚሆነው ፕላስቲክ ከረጢት ወርዱ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ22 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከታች ውኃ የሚያንጠፈጥፍ ቀዳዳ ያለው ነው። ከዚህ ያነሰ ከረጢት ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ሥሩ ቦታ አጥቶ የሚታጠፈው በእርሱ ውስጥ ነው። አፈሩ ከላይኛው ጥቁር አፈር የተወሰደና የተነፋ ይሁን፤ ለሦስት እጅ አፈር አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አፈሩ የሚጣበቅ ከሆነም አንድ እጅ አሸዋ ይጨመርበታል። ትኩስ ፍግ ሲበሰብስ ስለሚሞቅና ለጋውን ሥር ስለሚያቃጥል ፈጽሞ አይገባበትም።

ዘሩ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች ሆኖ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል፤ በላዩም ሣር ይጐዘጐዛል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ ብርድ ባለበት ግን ሊዘገይ ይችላል። ቡቃያው ብቅ ሲል ጉዝጓዙ ተነሥቶ ከላይ የዳስ ጥላ ይደረግለታል።

ስለ ምግቡ

ጀማሪው ተካይ የሚስተው ከሁሉ ይልቅ በዚህ ነው። ቡቃያው ሁለቱን ክብ ቅጠሎቹን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ሲዘረጋ ባየ ጊዜ ለማፋጠን ብሎ ማዳበሪያ ያፈስበታል። ነገር ግን ለመጀመሪያው ጊዜ የሚበቃው ስንቅ ከዘሩ ጋር አብሮት የተሰጠው ነው፤ ቀጥሎም የአፈሩ ብስባሽ ይመግበዋል። ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ሌላ ምግብ አያስፈልገውም።

ማዳበሪያ ሲበዛ ለምን እንደሚገድል ለቆዳ ነጋዴ ማስረዳት ቀላል ነው። በእርጥብ ቆዳ ላይ ጨው ሲነሰነስ ጨው ውኃውን ከቆዳው ስቦ ያወጣል። ዩሪያም ሆነ ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ከልክ በላይ ሲሟሟ በለጋው ሥር ላይ የሚሠራው እንዲሁ ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ችግኙ በጥማት ይሞታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አንድ ወር ለማትረፍ የፈለገ ሰው መደቡን በሙሉ እንደገና ይዘራል።

ጊዜው ሲደርስ ለጀማሪ የሚሻለው ደኅና የበሰለ ፍግ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶና እንደ ቀጭን ሻይ እስኪመስል ድረስ በብዙ ውኃ ቀጥኖ ሲሰጥ ነው። ይኸውም አስቀድሞ ውኃ በጠጣ አፈር ላይ እንጂ በደረቅ አፈር ላይ አይፈስም። ለጥቂት ችግኞች ተሰጥቶ ሁለት ሳምንት ታይቶ፣ ጉዳት ካልታየ ለቀሩት መስጠት የብልህ ሥራ ነው።

ቅጠሉ የሚያሳየውን ምልክት ለይቶ ማወቅም ይገባል። አሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች አስቀድመው ከገረጡ ብዙውን ጊዜ የምግብ ማነስ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፣ አፈሩ ኖራ የበዛበት ወይም ውኃ የተኛበት በመሆኑ ችግኙ ብረት መሳብ አቅቶታል ማለት ነው። የቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ከተቃጠለ ማዳበሪያ ወይም ጨው በዝቶበታል። ችግኙ በጠቅላላው ቢጫ ሆኖ አፈሩ ሲጨበጥ ጭቃ ከሆነ ግን የጎዳው የውኃ ብዛት ነው፤ ረኀብ መስሎት ማዳበሪያ የሚጨምርበት ሰው ሞቱን ያፋጥንለታል።

ስለ ውኃ፣ ስለ ጥላና ስለ በሽታ

ውኃ የሚጠጣው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን አፈሩ በጣት ተነክቶ ነው። ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ይቆያል። ማጠጫው ሰዓት ማለዳ ቢሆን ይመረጣል፤ ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ የሚያድር ቅጠልና ግንድ ለሻጋታ ይመቻልና። ለጋው ግንድ በአፈሩ ወለል ላይ ጠቁሮ ከቀጠነና ችግኙ ከወደቀ፣ የታመሙት ወዲያው ተነቅለው ይቃጠሉ፤ ለቀሩትም ውኃው ይቀነስ፤ ነፋስ እንዲገባም መደቡ ይሳሳ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ጥላው በመጀመሪያ ጠበቅ ያለ ይሆናል። ችግኙ እየበረታ ሲሄድ ግን በየጊዜው ይሳሳል፤ ከመተከሉ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ፀሐይን እንዲለምድ በሙሉ ይነሣለታል። ከጥላ በቀጥታ ወደ ሜዳ የወጣ ችግኝ በሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል።

ስለ መትከያው ጊዜ

በዚያ አገር ዝናቡ ሁለት ነው። አንደኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጋና የሚባለው፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሐጋያ የሚባለው ነው። ከኅዳር በኋላ ቦና፣ ማለት የበጋው ድርቅ ይከተላል። በታኅሣሥ የተዘራ ዘር በመስከረምና በጥቅምት ከስድስት እስከ ስምንት ጥንድ ቅጠል ይዞ ለሐጋያ ሊደርስ ይችላል፤ ነገር ግን ወዲያው ቦና ስለሚመጣ ጥላ፣ ጉዝጓዝና ውኃ ያሻዋል። ለጋና እንዲቆይ ቢደረግ ደግሞ በከረጢቱ ውስጥ ሰንብቶ ሥሩ እንዳይታጠፍ ያሰጋል። ማንኛው እንደሚሻል የሚወስነው በቦታው ያለው ውኃ ነው፤ ይህም ዘሩ ከመዘራቱ በፊት የሚታሰብ ነው።

የመትከያው ጕድጓድ በጎንና በጥልቀት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ አስቀድሞ ተቆፍሮ ይቆያል። በመትከያው ቀን የከረጢቱ ግርጌ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆረጣል፤ የተጠማዘዘ የሥር ጫፍ ቢኖር አብሮ ይወገዳል፤ ፕላስቲኩም በሙሉ ይወልቃል። ዋንዛ፣ ሳሳና ብርብራ የመሳሰሉት የጥላ ዛፎች በስፍራው ካሉ አይቆረጡም።

ስለ ገዥና ስለ ሻጭ

ችግኝ ገዝቶ የሚተክል ነጋዴ በቅጠሉ ልምላሜ ብቻ አይታለል። ከየመቶው አንዱን ከረጢት ከፍቶ አፈሩን በውኃ አጥቦ ሥሩን ይመልከት፤ ዋናው ሥር ቀጥ ያለ ካልሆነ ዋጋው ቢረክስም አይግዛ። ለአንድ ሄክታር 2,500 የሚተክል ሰው ለመተኪያ ጭምር ወደ 3,000 ቢይዝ ኋላ አይቸገርም።

ባለሱቁም የበኩሉ ኀላፊነት አለበት። ዩሪያ ነጭና ፍርክስክስ በመሆኑ ጨው ይመስላል፤ ከብት በብዛት ከላሰውም ይገድላል። ለከብቱ ጨው በሚገዛ ሕዝብ መካከል ዩሪያን ከጨውና ከእህል ጋር በአንድ ጥግ መደርደር፣ ወይም ስሙ ባልተጻፈበት ላስቲክ ቸርችሮ መሸጥ፣ የደንበኛን በረት እስከ ማጥፋት ያደርሳል። በተለየ ስፍራ ማስቀመጥና በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ስሙን መጻፍ ብዙ ወጪ የለውም።

ላኪውም ሊያስብበት የሚገባ ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የእርሻው ትክክለኛ ስፍራም እንዲታወቅ ያዛል። ደንቡ የሚፈጸምበት ጊዜ ቢራዘምም ይህ ቀን አልተለወጠም። እንግዲህ ችግኙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ደን ተመንጥሮ ከተተከለ ከአራት ዓመት በኋላ የሚገኘው ፍሬ ከዚህ ትልቅ ገበያ ውጭ ይቀራል።

ስለዚህ የቡና ተክል ሒሳብ የሚጀመረው በመጋዘን በር አይደለም። መሬቱ፣ ውኃው፣ ዘሩና ከረጢቱ ከችግኙ በፊት ይመረመሩ። ከዚያ በኋላ ችግኙ የሚፈልገው ብዙ ምግብ ሳይሆን፣ በየማለዳው ቀርቦ የሚያየው ሰው ነው።