በእንግሊዝ አገር መኪና ተከራይቶ ለመንዳት መታወቅ ያለባቸው ሕጎች

ለሰርግ፣ ለለቅሶ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከአሜሪካ፣ ከጀርመን፣ ከዱባይም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ እንግሊዝ አገር የሚጓዙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከአውሮፕላን ማረፊያ መኪና ተከራይተው የሚወጡም አሉ። ሁሉም የለመዱት በቀኝ መንዳት ነው፤ እንግሊዝ ግን የሚነዳው በግራ ነው።

ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት ሕይወት ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2019 ሃሪ ደን የተባለ የ19 ዓመት ሞተረኛ የሞተው፣ ከአንድ የአየር ኃይል ሰፈር ወጥታ በተሳሳተው የመንገድ ወገን ስትነዳ ከነበረች አሜሪካዊት ጋር ተጋጭቶ ነው። የዲፕሎማቲክ ከለላ ጥያቄ ጉዳዩን ቢያጓትተውም በ2022 ፍርድ ቤት ፊት ጥፋቷን አምናለች። ከለላ የሌለው ተራ እንግዳ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

መኪና በበዛበት መንገድ የፊተኛውን መከተል ስለሚቻል መሳሳት ይከብዳል። አደጋው ያለው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። በማለዳ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከመኪና ማቆሚያ ሲወጣ እጅ የለመደውን ያደርጋል። ስለዚህ አንድ ነገር ይያዙ፦ መሪው በቀኝ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ ምንጊዜም የሚቀመጠው ወደ መንገዱ መሀል ነው። ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ የተቀመጡት እርስዎ ከሆኑ ተሳስተዋል ማለት ነው።

አደባባይ ሲደርሱ ከቀኝዎ ለሚመጣው ቅድሚያ ሰጥተው ወደ ግራ ይዞራሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ቀይ መብራት ላይ ቆሞ አይቶ ወደ ቀኝ መታጠፍ ይፈቀዳል፤ በእንግሊዝ ቀይ ከበራ ወደ ግራም ቢሆን መታጠፍ የለም። በዜብራ ላይ ያለ እግረኛ ቅድሚያ አለው። ፍጥነት የሚለካው እንደ አሜሪካ በማይል ነው፤ ከኢትዮጵያ ወይም ከጀርመን የሄደ ሰው 30 የሚለውን ምልክት በኪሎ ሜትር እንዳያነበው።

ወገኖቻችን በብዛት የሚዘነጉት ግን ኢንሹራንሱን ነው። እኛ ዘንድ "አንተ ደክሞሃል፣ እኔ ልያዝልህ" ማለት ደግነት ነው። በኪራይ መኪና ግን መንዳት የሚችለው ስሙ ውሉ ላይ የሰፈረ ሰው ብቻ ነው። ያልተመዘገበው ዘመድ መሪ ከያዘ ያለ ኢንሹራንስ እንደነዳ ሊቆጠር ይችላል። ቅጣቱ ከ300 ፓውንድና ከ6 የቅጣት ነጥብ ይጀምራል፤ ፖሊስ መኪናውን ሊወስደውም ይችላል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ ዕዳው ለሁለታችሁም ይተርፋል። የሚነዱትን ሁሉ ቁልፍ ከመረከብ በፊት ማስመዝገብ ይሻላል።

ለጉብኝት የሄደ ሰው በአገሩ መንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ይፈቀድለታል። ይሁንና አከራዩ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአውቶማቲክ ብቻ የሚነዳ ሰውም ይህንኑ ሲያስይዝ ይናገር፤ በግራ እጅ ማርሽ መቀየር ለጀማሪ ያስቸግራል።

"እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማን ያገኘኛል?" ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም። ካሜራ ሲይዝ ደብዳቤው ለአከራይ ድርጅቱ ይደርሳል፤ ድርጅቱም ማን ይነዳ እንደነበር ለፖሊስ ያሳውቃል። ለዚሁ አገልግሎትም ገንዘብ ከባንክ ካርድዎ ሊቆርጥ ይችላል። ለንደን መሀል ለመግባት የሚጠየቀውን ክፍያም ማን እንደሚከፍል ከአከራዩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ከረጅም በረራ በኋላ ወዲያው መሪ አይያዙ። ያን ቀን በባቡር ሄዶ፣ አርፎ፣ መኪናውን በማግስቱ መረከብ ከሁሉ ይሻላል።