ታሞ የቀረና አለቃውን የከሰሰ

«ታምሜ ብቀር ያባርሩኛል?» «አለቃዬን ብከስስስ?» ጥያቄዎቹ መንታ ይመስላሉ፤ ሕጉ የሚሰጣቸው ከለላ ግን እኩል አይደለም።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፦ በአሠሪ ላይ አቤት ማለትም ሆነ በሕመም ለጊዜው ከሥራ መቅረት ለስንብት ምክንያት አይሆንም። ዛሬ የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ለያይቷቸዋል። አንቀጽ 26(2) አሠሪ ውል ሊያቋርጥባቸው የማይችሉ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ቅሬታ ማቅረብንና በክስ መካፈልን ከማኅበር አባልነት ጋር አስፍሯል። በሕመም መቅረት እዚያ የለም።

ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ቅሬታ በማቅረቡ መባረሩን ያስረዳ ሠራተኛ ራሱ ካሳውን ካልመረጠ በቀር አሠሪው ወደ ሥራ የመመለስ ግዴታ አለበት። በሌላ ሕገወጥ መንገድ ለተሰናበተ ግን፣ ሠራተኛው «መልሱኝ» እያለም ቢሆን፣ ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር ያስከትላል ብሎ ያመነ ችሎት ካሳ አስከፍሎ ሊያሰናብተው ይችላል።

ታማሚውን የሚጠብቀው የፈቃድ መብቱ ነው። የሙከራ ጊዜውን (እስከ 60 የሥራ ቀን) የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን መቅረት ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚያሰናብተው ሠራተኛው አስቀድሞ በጽሑፍ ተነግሮት ከነበረና መቅረቱም በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ከሆነ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅና የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ የሠራተኛው ድርሻ ነው፤ አሠሪው ራሱ ካወቀ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከነበረ ብቻ የማሳወቁ ግዴታ ይቀራል። በስልክ ብቻ «አሞኛል» ብሎ የተኛ ሰው ችሎት ፊት የሚያሳየው የለውም። በጤና ምክንያት ለዘለቄታው መሥራት ያልቻለን ሠራተኛ ደግሞ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል፤ ስለዚህ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ሕመሙ ጊዜያዊ ነው ወይስ ዘላቂ ወደሚለው ይዞራል።

የከሳሹ ከለላ የበረታ ቢሆንም ማስረዳቱ ይከብደዋል። «ስለከሰሰኝ አባረርኩት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ማን ይጽፋል? ደብዳቤው የሚያወራው ስለ ማርፈድ ወይም ስለ ቅነሳ ነው። የቀን ቅደም ተከተል የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፤ ለዓመታት ያልተነሳ ማርፈድ ቅሬታ በገባ በሳምንቱ ለስንብት ምክንያት ሲሆን ዳኛም ይጠይቃል። ለዚህም በፊርማ የገባ የቅሬታ ቅጂ እጅ ላይ መኖር አለበት።

ሁለቱንም እኩል የሚጥለው ይርጋው ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ቀሪ ይሆናል፤ ሽማግሌ ልኮ ሥራ አስኪያጁን ሲለማመጥ የከረመ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው የገንዘብ ጥያቄ ነው፣ እሱም ከ6 ወር አይሻገርም።