ለትምህርት አሜሪካ ለሄዳችሁ፦ ሕጉን ማወቅ ራስን መጠበቅ ነው

በአሜሪካ የአገሬው ተማሪ በገንዘብ ቅጣት የሚያልፈው ጥፋት በተማሪ ቪዛ (ኤፍ-1) የሚኖረውን ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

1. ሥራ፦ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት የሚፈቀደው በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። ከግቢ ውጭ በካሽ የሚያሠራችሁ የአገራችሁ ሰው ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ ከሠራችሁ የተማሪነት መብታችሁን ታጣላችሁ።

2. መጠጥና ማሪዋና፦ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ አልኮል መግዛት ክልክል ነው። ማሪዋናን ብዙ ስቴቶች ቢፈቅዱም ኢሚግሬሽን የሚመለከተው የፌዴራሉን ሕግ ነው፤ በዚያ ደግሞ ለመዝናኛ መጠቀም ወንጀል ነው። “እዚህ ተፈቅዷል” የሚል ጓደኛ አያድናችሁም።

3. ስልክ፦ “ከኢሚግሬሽን ነው፤ አሁኑኑ ካልከፈልክ ትባረራለህ” የሚል ሰው ቢደውል ዝጉት። የሚታየው ቁጥር የመንግሥት ቢመስልም አትመኑ፤ ሌቦች ቁጥር ያስመስላሉ። መንግሥት በጊፍት ካርድ ክፈሉ አይልም። ወዲያው የትምህርት ቤታችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቁ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ከገጠማችሁ 911 ደውሉ።

ሌባው የሚበረታው በፍርሃታችንና በዝምታችን ነው። የተታለላችሁም ብትኖሩ አትደብቁ፤ ለባንካችሁና ለፖሊስ ቶሎ ንገሩ። ወላጆችም ልጃችሁ “ተታለልኩ” ብሎ ሲደውል ከመቆጣታችሁ በፊት አድምጡት። በቤተ ክርስቲያናችሁ አዲስ ተማሪ ካለም ይህን ዛሬ ንገሩት፤ ነገ ስልኩ ሊጮህ ይችላል።