ዝም ያልሽው አይተሽ ነው?

ባልና ሚስትን መኪና ውስጥ እንደ «ቀስ በል!» የሚያጣላ ቃል የለም። እኛም ለሠርግ ወደ ሮቤ ስንሄድ ከሻሸመኔ ጀምሮ በእርሷ ስንነታረክ ቆየን። በጸሎት ነበር የተነሣነው፤ ሰላማችን ግን ዶዶላ ሳይደርስ አለቀ።

ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ ያወጣው እንግሊዝ አገር ነው፤ እኔ ደግሞ ያደግሁት ሮቤ ነው። (በግራ ተምሮ በቀኝ መንዳት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ እንደ ነበር ስነግረው አላመነኝም።) መንገድ ዳር በግ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ከኋላችን ያለው የጭነት መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። «ምን አድርጌው ነው የሚሰድበኝ?» ይላል። እርሱ በኖረበት አገር ክላክስ ቁጣ ነው፤ በእኛ መንገድ ግን «መጣሁ፣ እወቁልኝ» ማለት ነው። ፈረሰኛውም እረኛውም ያንን ድምፅ ይጠብቃል፤ ካልሰማ መንገዱ ባዶ መስሎት ይገባል። ይህን ላስረዳው ስሞክር «የምነዳው እኔ ነኝ» አለኝ። አኮረፍሁ። እርሱም እልህ ይዞት ፍጥነት ጨመረ።

አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ ስንቃረብ በግራ በኩል አንዲት ላም ሣር ትግጣለች። በቀኝ በኩል ጥጃ ቆሟል። ባለቤቴ ላሚቱን አያት፤ ከመንገዱ ራቅ ስላለች አላሳሰበችውም። እኔ ያየሁት ጥጃውን ነው። ጥጃ ወደ እናቱ እንደሚሮጥ፣ ከጥጃ ኋላ ደግሞ ጠባቂው ልጅ እንደሚሮጥ ከብት ያለበት አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። አወቅሁ፤ ግን ኩርፊያዬ በለጠብኝና ዝም አልሁ።

ጥጃው ዘለለ። ልጁ ተከተለው። መኪናችን ተንሸራትታ ስትቆም ከልጁ እስከ ፓራውልቱ አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ጌታ ይመስገን፣ አልተነካም። እንዲያውም ጥጃውን አቅፎ ሣቀብን፤ ለእርሱ ምንም አልሆነም። የእኛ ጉልበት ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዝም ያልሽው አይተሽ ነው?» አለኝ ባለቤቴ። «አዎ» እንደ ማለት የከበደኝ መልስ የለም።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንቅልፍ ነሥቶኝ ስለ አሽከርካሪዎች የተጠና ነገር መፈለግ ጀመርሁ። በእንግሊዝ አገር ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንጃ ፈቃድ ፈላጊ የመንገድ ፊልም እያየ፣ አደጋ ሲጀምር በታየው ቅጽበት ቁልፍ ይጫናል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በሁለቱ አገሮች የተነሡ ፊልሞችን ለእንግሊዝና ለማሌዥያ አሽከርካሪዎች አሳየ። የለመዱት ዓይነት መንገድና አደጋ ሲሆን ቶሎ ለዩት፤ በአብዛኛው ግን አስተያየታቸው ተመሳሳይ ነበር። ልዩነቱ ማሌዥያውያኑ አንድን ነገር «አደጋ» የሚሉት ይበልጥ ሲብስ መሆኑ ነው። አጥኚዎቹ ምናልባት የአገራቸው መንገድ አደገኛነት አስለምዷቸው ይሆናል ይላሉ። የዲንሾው ልጅ ሣቅ ትዝ አለኝ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄውን ለወጡት። ፊልሙን አደጋው ሊጀምር ሲል ያቋርጡና «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቃሉ። በቻይና፣ በስፔንና በእንግሊዝ ከ300 በሚበልጡ ሰዎች ተሞክሮ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ። ቁልፍ የመጫኑ ፈተና ልምድ ያለውን ከጀማሪው መለየት አቃተው፤ «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» የሚለው ግን ለየ።

ይህን ለባለቤቴ ሳነብለት ሁለታችንም ዝም አልን። ለካ «ቀስ በል!» ስለው የምናገረው ስለ እርሱ ነበር። «ጥጃው ወደ እናቱ ይሮጣል» ብለው ግን ስለ መንገዱ ነው፤ ማን ይቆጣል? እርሱም በበኩሉ የእኔን ዓይን እንደ ትችት ቆጥሮት ኖሯል። በግ ባየ ቁጥር መፍራቱንም እኔ ስቄበታለሁ፤ ያ ፍርሃቱ እኮ ስንት ጊዜ አድኖን ይሆናል!

በሌላ ጊዜ ከሮቤ ስንመለስ ማለዳ ነበር። ዲንሾን አልፈን ጋይሳይ ሜዳ ላይ አንዲት የደጋ አጋዘን መንገዱን አቋረጠች። ከአገራችን በቀር በዱር የማትገኝ እንስሳ ናትና ባለቤቴ ቆሞ አሳለፋት። እግሩን ከፍሬኑ ሊያነሣ ሲል ወደ እኔ ዞረ።

«ቀጥሎ ምን ይሆናል?»

«አንዷ ካለፈች ሌሎቹ ይከተላሉ» አልሁት።

ጠበቀ። አምስት አለፉ። ከኋላችን የቆመው ሚኒባስ ክላክሱን ነፋ፤ ባለቤቴም እጁን በመስኮት አውጥቶ ሰላም አለው።